ተመልካች ፊቱን ያዞረበት ቀልድ፦ ስለ «አንዳዝ አፕና አፕና» ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አብረውኝ የሚሠሩት ህንዶች፣ አንዱ ሰሃን ከሰበረ ሌላው ከሆነ ፊልም ላይ የወሰዳትን ንግግር ጣል ያደርጋል። ወጥ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ፊልሙ ‹አንዳዝ አፕና አፕና› ነው አሉኝ። በዕረፍት ቀኔ ቁጭ ብዬ አየሁት። እውነቱን ልንገርዎት፣ መጀመሪያ ላይ ጩኸት ብቻ ነው የሆነብኝ። ኋላ ላይ ትንሽ ሳቅሁ። ሲወጣም ከስሮ ነበር ይላሉ። ታዲያ ያኔ ብሩን ከፍሎ የገባው ሰው ልክ አልነበረም ወይ? ይሄ ሁሉ ውዳሴ የልጅነት ትዝታ ካልሆነ ምንድነው?»

እህቴ፣ በቅድሚያ የምስማማበትን ልናገር። የፊልሙ የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ደካማ ነው። ህልም ይመጣል፣ ዘፈን ይገባል፣ አባትና ልጅ ይጯጯሃሉ። ታሪኩ ግን ገና ከቤት አልወጣም። ፊልሙን በቃሉ የሚያነበንበው አድናቂ ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ሻይ ሊጥድ ቢነሳ አይፈረድበትም።

መክሰሩም እውነት ነው። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1994 ነው። የዲዋሊ በዓል ሰሞን፣ ሲኒማ ቤት የሚሞላበት ጊዜ። አሚር ካንና ሳልማን ካን አንድ ላይ፣ ራቪና ታንደንና ካሪሽማ ካፑር በጎን። እነዚህን አራት ስሞች ይዞ መክሰር ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። ቀረጻው ዓመታት ፈጅቶ ነበር። ማስታወቂያውም ቀዝቃዛ ነበር። ግን ብዙዎች እንደሚያደርጉት ጥፋቱን ሁሉ በማስታወቂያ ላይ አልደፈድፍም። ያ ተመልካች ሞኝ ነበርም አልልሽም። ገንዘቡን የከፈለበት ነገር ነበረ፣ ፊልሙ ደግሞ ያንን ነገር ሊሰጠው ከመጀመሪያውም አላሰበም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው።

ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ። አማርና ፕሬም ሁለት ሥራ ፈቶች ናቸው። አንዱ የፀጉር አስተካካይ ልጅ፣ ሌላው የልብስ ሰፊ ልጅ። ሁለቱም ሳይሠሩ መክበር ይፈልጋሉ። ራቪና የምትባል ለንደን ያደገች የሚሊየነር ልጅ ባል ልትመርጥ ወደ ህንድ መጥታለች የሚል ወሬ ይሰማሉ። የአባቶቻቸውን ንብረት ሸጠው፣ ተራራ ላይ ወዳለችው ኡቲ ከተማ ይሄዳሉ። አውቶቡስ ላይ ይገናኛሉ። ሳይተዋወቁ ሀብታም ነኝ እየተባባሉ ይዋሻሻሉ። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ለማግኘት እርስ በርስ የሚጠላለፉበት ነው። የሀብታሙ አባት ደግሞ ቴጃ የሚባል ክፉ መንታ ወንድም አለው። አልማዝ አለ፣ ጠለፋ አለ፣ ከመሃል ብቅ የሚል ጎጎ የሚባል ወንበዴ አለ።

አሁን ወደ ሙያው ልግባ። በህንድ ፊልም ቀልደኛ ማለት ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ነበር። ጆኒ ዎከር፣ መህሙድ፣ ጃግዲፕ፣ አስራኒ። እነሱ ይወድቃሉ፣ ይሰደባሉ፣ በሚስት ይደበደባሉ። ዋናው ተዋናይ አጠገባቸው ቆሞ ይስቃል። ልብሱ አይቆሽሽም። ተመልካቹ በአንዱ ይስቃል፣ ሌላውን ይወዳል። በኋላ አሚታብ ባቻንን የመሳሰሉት ዋናዎቹ ራሳቸው መቀለድ ሲጀምሩም ይህ ክብር አልተነካም። ሰክሮ ያስቅሻል፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ለእናቱ ያለቅሳል፣ ለወንድሙ ይሞታል።

«አንዳዝ አፕና አፕና» ሁለቱን ዋና ተዋንያን አነሳና በቀልደኛው ቦታ አስቀመጣቸው። በዋናው ቦታ ደግሞ ማንንም አልተካም። ወንበሩ ባዶ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ሁለቱንም ነው። የምታለቅስ እናት የለችም። የሚካስ በደል የለም። የሚራራለት ሰው ፈልጎ የገባ ተመልካች ለ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ሲፈልግ ቆይቶ ይወጣል።

«ጎል ማል» የሚባለውን የ1979 ፊልም አይተሽው ከሆነ ልዩነቱ ይገባሻል። እዚያም ዋናው ሰው ውሸታም ነው። አለቃው ጢም የሌለውን ወንድ ስለማይወድ፣ ጢም የሌለው መንታ ወንድም አለኝ ብሎ ራሱን ለሁለት ይከፍላል። ከሳቅሽ በኋላ ግን ትፈርጅለታለሽ። ሥራ ያስፈልገዋል፣ እህት አለችው። ውሸቱ ምክንያት አለው። አማርና ፕሬም ምን ምክንያት አላቸው? ስግብግብነት። ስንፍና። ሌላ የለም። ፊልሙም ሊያስተባብልላቸው አይሞክርም። እኔ ይህንን እንደ ድፍረት ነው የማየው። በ1994 ቤተሰቡን ይዞ ሲኒማ የገባ አባወራ ግን እንደ ንቀት ቢያየው አይገርመኝም።

አባወራውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ «ሃም አፕኬ ሄይን ኮን» ወጥቶ ነበር። ከ3 ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ 14 ዘፈን ያለበት፣ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚሄድ ፊልም። በህንድ ሲኒማ ታሪክ ካየናቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዱ። ከሲኒማ የራቀውን ቤተሰብ መልሶ አመጣ። ዋናው ተዋናይ ማን ነበር? ሳልማን ካን። ገጸ ባህሪው ስሙ ማን ነበር? ፕሬም። በ1989 ኮከብ ባደረገው «ሜይኔ ፕያር ኪያ» ላይም ስሙ ፕሬም ነበር። ለህንድ ተመልካች ፕሬም ማለት ትሑት፣ ታማኝ፣ ለቤተሰቡ ፍቅሩን የሚሰዋ ልጅ ነው። ኖቬምበር ላይ ያው ሰውዬ፣ ያንኑ ስም ይዞ፣ የአባቱን ንብረት ሸጦ የሀብታም ልጅ ሊያጠምድ መጣ። ለዚያውም ቂል ሆኖ። አሁን ስናየው ስሙ ራሱ ቀልድ ነው። ያኔ ግን ቁስሉ ትኩስ ነው፣ ወይም ፍቅሩ ትኩስ ነው በይው።

«ሰው ያኔ ቀልድ አይወድም ነበር ማለት ነው?» እንዳትይኝ። በዚያው 1994 የጎቪንዳ «ራጃ ባቡ» ሲኒማ ቤቶችን አጨናንቋል። እሱም ጩኸት ነው፣ እሱም ቂልነት ነው። ግን እዚያ ልክ ሰዓቱ ሲደርስ ሳቁ ይቆምና እንባው ይመጣል። ልጅ ወላጁን ያሳዝናል፣ ይጸጸታል፣ ይታረቃሉ። የ«አንዳዝ» ዳይሬክተር ሳንቶሺ ያንን ክፍል ቆርጦ ጣለው። ሽሮ ሠርቶ በርበሬውን እንደመተው ነው፤ ለለመደው ሰው አይዋጥም።

አድናቂዎቹ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ «ፊልሙ ከዘመኑ የቀደመ ነበር» ይላሉ። አልስማማም። እንዲያውም የኋሊት የሚያይ ፊልም ነው። ፊቱን ወደ ድሮ ሲኒማ አዙሮ ነው የሚቀልደው። ዘፈኖቹን ስሚያቸው። ቱሻር ባቲያ የሠራቸው በ1950ዎቹና 60ዎቹ ኦ.ፒ. ናያር ይሠራው በነበረው የጋሪ ምት ነው። በ1994 ራዲዮ ላይ እንደዚያ የሚሰማ ሙዚቃ የለም። ያኔ ፊልሙ ያረጀበት እንጂ የቀደመው ሰው የለም።

ተዋንያኑ የተመረጡበትን መንገድ ደግሞ ልንገርሽ። አንቺ ላይ የጠፋው ትልቁ ሳቅ እዚህ ያለ ይመስለኛል። የፕሬምን አባት የሚጫወተው ጃግዲፕ ነው። ጃግዲፕ በ1975ቱ «ሾሌ» ላይ ሱርማ ቦፓሊ የሚባል ጉረኛ ሆኖ መላ ህንድን ያሳቀ ሰው ነው። እዚህ ስሙ ባንኬላል ቦፓሊ ነው። የቴጃ አሽከር የሆነው ሮበርት፣ ቪጁ ኮቴ ነው። በ«ሾሌ» የሽፍቶቹ አለቃ ጋባር ሲንግ ፊት ቆሞ ሲንቀጠቀጥ የምናውቀው ካሊያ እሱ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላም አለቃ ፊት ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው አሽከር ባላን የሚጫወተው ሸህዛድ ካን፣ አጂት የሚባለው የድሮ ዝነኛ ክፉ ተዋናይ ልጅ ነው። የሚናገረው በአባቱ ድምፅ፣ በአባቱ ዝግታ ነው። ጎጎ ደግሞ «የሞጋምቦ የወንድም ልጅ ነኝ» ይላል። ሞጋምቦ በ1987ቱ «ሚስተር ኢንዲያ» ላይ አምሪሽ ፑሪ የተጫወተው ክፉ ነው። መህሙድ ብቅ ሲል የያዘው «ዋህ ዋህ ፕሮዳክሽንስ» የሚል የፊልም ድርጅት ነው። ያ ድርጅት በ1966 «ፕያር ኪዬ ጃ» ላይ መህሙድ ራሱ የነበረው የህልም ድርጅት ነው። ያ ፊልም ላይ አንድ ፊልም እንኳ ሠርቶ አልጨረሰበትም፣ አሁንም እዚያው ነው።

ይህን ሁሉ ሳታውቂ ብታዪው የሚታይሽ አንድ ሽማግሌ ሲጮህ ነው። የወጥ ቤት ጓደኞችሽ የሚያዩት ግን የአጎታቸውን ያህል የሚያውቁትን ሰው ነው።

አንዷን ቀልድ ግን እኛም ልንካፈላት እንችላለን። ሀብታሙ አባት ስሙ ራም ጎፓል ባጃጅ ነው። በፊልሙ ውስጥ እሱን ሲያሞግሱ «የዳቦ ንጉሥ፣ የኦምሌት ራጃ፣ ባጃጅ፣ የእኛ ባጃጅ!» የምትል ነገር አለች። «የእኛ ባጃጅ» በ1989 ከወጣ የስኩተር ማስታወቂያ የተወሰደች ናት። በህንድ ቴሌቪዥን ያደገ ሰው ሁሉ ዜማዋን ያውቃታል። ኩባንያው ደግሞ በእኛ ከተሞች የሚርመሰመሱትን ባለሦስት እግሮች የሠራው ያው ባጃጅ ነው። ከአዳማ ወይም ከሀዋሳ ለመጣ ሰው ይህችን ሳስረዳት ሁለት ቃል ይበቃል። እስቲ አስቢው፤ ለንደን የሚኖር፣ ሱፍ የለበሰ ሚሊየነር ሲያሞግሱት የባጃጅ ማስታወቂያ ሲዘፈንለት።

«እንግዲያው ይሄ ፊልም ለህንዶች ብቻ ነው» ትይኝ ይሆናል። አይደለም። ማጣቀሻው ሁሉ ቢወልቅ የሚቀር አንድ ሞተር አለው። ኮሜዲ ስክሪፕት ሲታረም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሁለቱ ልጆች አንዱ የሌላውን ውሸት ያውቃል። ማጋለጥ ግን አይችልም፤ ካጋለጠ እሱም ይጋለጣል። ስለዚህ መጠላለፍ ያለባቸው ውሸቱን ሳይነኩ ነው። ውሸቱን እያከበሩ፣ እንዲያውም እየደገፉ፣ በውስጡ ነው የሚጎዳዱት። አንድ ጸሐፊ ይህችን ካገኘ ፊልሙ ራሱን ይጽፋል።

ሐኪምና በሽተኛ የሆኑበትን ክፍል መልሰሽ እዪው። አማር ወደ ልጅቷ ቤት ለመግባት የማስታወስ ችሎታዬን አጣሁ ይላል። ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ቤት ውስጥ ያስተኙታል። አልተሳካለትም? ተሳክቶለታል። ፕሬም ውጭ ቀረ። ፕሬም ምን ያድርግ? «ይህ ሰው አጭበርባሪ ነው» ቢል፣ «አንተስ እንዴት አወቅኸው?» ይባላል። ስለዚህ ሐኪም ሆኖ ይመጣል። የማስታወስ ችግር የሚያክም ሐኪም።

እዚህ ጋ ቆም በይ። ሐኪሙ በሽተኛው ደህና መሆኑን ያውቃል። በሽተኛው ሐኪሙ ሐኪም አለመሆኑን ያውቃል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላው ሰው ሁሉ ሁለቱንም ያምናል። ሐኪሙ አሁን በሕክምና ስም የፈለገውን ማዘዝ ይችላል። በሽተኛው ደግሞ በሕመም ስም የፈለገውን መቀባጠር ይችላል። ሁለቱም በዓይናቸው ይሰዳደባሉ፣ በአፋቸው ግን «ይማርህ» እና «አመሰግናለሁ ዶክተር» ነው። ትርጉሙን ከታች ማንበብሽን ለአንድ ደቂቃ ተይና ፊታቸውን ብቻ ተመልከቺ። ምንም ቋንቋ አያስፈልግም።

ሰው ሁሉ እዚህ ፊልም ላይ አሚርን ነው የሚያሞግሰው። እውነት ነው፣ አማር ፈጣን ነው፣ ዓይኑ አያርፍም፣ «አይላ!» ብሎ ሲደነግጥ ያስቃል። እኔ ግን ለሳልማን ነው የማደላው። ፕሬም ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው። ሳልማን ያንን መዘግየት ሳያጋንን ይጫወተዋል። አንድ ነገር ይነገረዋል፣ ፊቱ ባዶ ይሆናል፣ ትጠብቂያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ «ኡዪ ማ!» ይላል። ከዚያ ወዲህ በሠራቸው ብዙ ፊልሞች ላይ እንደዚህ ለመቂል የደፈረበት ጊዜ ጥቂት ነው። አሚር ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን ሲጠየቅ፣ ያኔ ከሳልማን ጋር መሥራት እንዳልተመቸው በግልጽ ተናግሯል። እውነቱን ለመናገር ለፊልሙ በጅቶታል። አንዱ አንዱን ሲያይ ዓይኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ትወና ብቻ አይመስልም።

ክፉዎቹ ላይ ደግሞ ትንሽ ልዘግይ፤ የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ በእነሱ ነው የሚቆመው። ፓሬሽ ራዋል ሁለቱንም ወንድሞች ይጫወታል፤ ሀብታሙን ራም ጎፓልንና ወንበዴውን ቴጃን። በህንድ ፊልም መንታ አዲስ ነገር አይደለም። «ራም አውር ሽያም» በ1967፣ «ሲታ አውር ጊታ» በ1972፣ ሁለቱም በዚሁ ነው የከበሩት። እዚያ መንታው ሲተካካ ማንም አያውቅም፣ ዕቅዱ ይሠራል። እዚህ ቴጃ ወንድሙን ጠልፎ በቦታው ሊገባ ያቅዳል፤ ዕቅዱም ጥሩ ነው። ችግሩ አሽከሮቹ ናቸው። አለቃቸውን ከጠለፉት ሰው መለየት አይችሉም! «ቴጃ እኔ ነኝ፣ ምልክቱ ይኸው!» እያለ ለገዛ ሠራተኞቹ ማንነቱን ለማስረዳት የሚለፋ ወንበዴ ሌላ ቦታ አላየሁም። ሮበርት በበኩሉ ሥራ ባበላሸ ቁጥር የሚያመጣት ሰበብ አለችው፤ «በስህተት ስህተት ተፈጠረ።» ሰሃን ሲሰበር ወጥ ቤታችሁ ውስጥ የምትባለው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ ጎጎ አለ። ሻክቲ ካፑር በ1980ዎቹ ሴት የሚያስለቅስ የለየለት ክፉ ሆኖ ነው የታወቀው። ጎጎ ሆኖ ሲመጣ ልብሱ ከልጆች መጽሐፍ ላይ የተበደረው ይመስላል። «ዓይን አውጥቼ ብይ እጫወትበታለሁ» ይላል። ማንም አይፈራውም። አልማዙን ሲያጣም «አንዴ መጥቻለሁ፣ የሆነ ነገር ሳልይዝ አልመለስም፣ እኔ ከዘር ማንዘሬ ሌባ ነኝ!» ብሎ ያገኘውን ይፈልጋል። አስተውለሽ ከሆነ የጎጎ ችግር ከአማርና ከፕሬም ችግር ጋር አንድ ነው። ሁሉም ትልቅ ሰው መምሰል ይፈልጋሉ። አቅሙ የላቸውም። የፊልሙ ሰዎች ሁሉ በዚህች ክር ነው የተሰፉት። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ቦታ ሲታጎሩ ትርምሱ የማይበታተነው።

ዳይሬክተሩን ራጅኩማር ሳንቶሺን ሳላነሳ ባልፍ ይከፋኛል። ከዚህ በፊት የሠራቸው «ጋያል» በ1990 እና «ዳሚኒ» በ1993 ነበሩ። አንዱ የበቀል፣ አንዱ የፍርድ ቤት ፊልም፤ ሁለቱም ደም ሥር የሚያስወጡ። የእሱን ስም አይቶ የገባ ሰውም እንደ ሳልማን አድናቂዎች ሌላ ነገር ነበር የጠበቀው። ግን የሰውየው አባት ፒ.ኤል. ሳንቶሺ በ1940ዎቹ «ሸህናይ»ን የመሰሉ የሙዚቃ ቀልድ ፊልሞች የሠራ ሰው ነበር። ቀልድ ቤቱ ነው። በጣም የምወድለት ነገር፣ ቀልዱን የሚቀርጸው እንደ ቁም ነገር ፊልም መሆኑ ነው። ካሜራው አይጠቅስሽም። ተዋንያኑ እንደሚያስቁ የሚያውቁ አይመስሉም።

ወደ «ትዝታ ካልሆነ ምንድነው?» ልምጣ። ፊልሙ ከሲኒማ ከወረደ በኋላ በቪዲዮ ካሴትና በቴሌቪዥን ነው ነፍስ የዘራው። በህንድ የግል ቴሌቪዥን በተለይ ዚ ቲቪ በ1992 ከተከፈተ በኋላ ቤት ለቤት መግባት ጀምሮ ነበር። እነዚህ ጣቢያዎች ሰዓት የሚሞላላቸው ፊልም ይፈልጋሉ፤ አሮጌ ፊልም እየደጋገሙ ያሳያሉ። ይህ ፊልም ደግሞ ለመደጋገም የተሠራ ያህል ነው።

ለምን በይኝ። ካየሽው አይቀር መጨረሻውን ልናገር፤ ሁለቱ ሴቶች ስም ተለዋውጠዋል። «ራቪና» የተባለችው ጸሐፊዋ ናት፣ «ጸሐፊዋ» የተባለችው ባለሀብቷ ናት። ሀብቷን ሳይሆን እሷን የሚወድ ሰው ለማግኘት ነው የተለዋወጡት። ይህን የምናውቀው ዘግይተን ነው። ሁለተኛ ስታዪው አማር ያ ሁሉ ውሸት፣ ያ ሁሉ ሴራ፣ ያ ሁሉ የሐሰት በሽታ የሚያፈሰው ደመወዝተኛ ላይ መሆኑን እያወቅሽ ነው የምታዪው። ሀብቱ አጠገቡ ሻይ ይዞ ያልፋል፣ እሱ ቀና ብሎ አያይም። የመጀመሪያው ዙር ላይ ጩኸት የነበረው ክፍል ሁለተኛው ላይ ትርጉም ይኖረዋል። ሲኒማ ቤት ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው የሚያየው አንዴ ነው። ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ልጅ ግን አሥር ጊዜ ያየዋል። ለእኔ የ1994ቱ ኪሳራ ትልቁ ምስጢር ይኸው ነው።

ትዝታማ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ሲወጣ ያልተወለዱ ልጆች ባልያዙት ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን 2025 ታድሶ እንደገና ሲኒማ ቤት ገባ። ንግግሩን አብረው እየጮሁ ካዩት መካከል ብዙዎቹ ከፊልሙ ዕድሜያቸው ያነሰ ነው።

ስህተት የለበትም ግን አልልሽም። ሴቶቹ ላይ በጣም ያሳዝነኛል። ለሁለቱ ልጆች ሴቷ የባንክ ደብተር ናት። እሺ፣ ፊልሙ እነሱን የሚያሾፍባቸው ለዚህ ነው እንበል። ለሴቶቹም የራሳቸውን ውሸት መስጠቱ ጥሩ ነው። ግን ያንን ውሸት ይዘው የሚጫወቱበት ቦታ አልሰጣቸውም። ወንዶቹ በየደቂቃው ሲያሴሩ እነሱ ይስቃሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ይዘፍናሉ። ካሪሽማም ራቪናም ቀልድ የሚችሉ ተዋንያን ናቸው፤ በሌላ ፊልም አሳይተዋል። ስም የተለዋወጡ ሁለት ሴቶች ለብቻቸው ክፍል ውስጥ ሆነው በእነዚህ ሁለት ቂሎች ሲያሾፉ የሚያሳይ አንድ ረጅም ትዕይንት ቢኖር ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆን ነበር። አንዳንዱ ቦታ ላይም ቀረጻው መጎተቱ ያስታውቃል። ዘፈኖቹን በየብቻቸው እወዳቸዋለሁ፤ ሁለት ሦስቱ ግን ሩጫውን መሃል ላይ ያቆሙታል።

እንደገና የማየት ሐሳብ ካለሽ በዚህ መንገድ ሞክሪው። መጀመሪያ «ሾሌ»ን እዪ፤ እሱን ያየሽበት ሰዓት አይባክንም። «ሚስተር ኢንዲያ»ንም ጊዜ ካለሽ ጨምሪ፣ ቢያንስ ሞጋምቦ ያለበትን። ከዚያ «አንዳዝ አፕና አፕና»ን ከአውቶቡሱ ጀምሪ። ከዚያ በፊት ያለውን አልፈሽው ብትሄጂ የሚያመልጥሽ ጥቂት ነው። ብቻሽን አትዪው። ከወጥ ቤቱ ጓደኞችሽ አንዷን ወይም አንዱን አስቀምጪና እነሱ የሚስቁበት ቦታ ላይ አቁመሽ ጠይቂ። «ይሄ ሰውዬ ማን ነው? ምን ላይ አየሽው?» በያቸው። ህንድ ስለ ፊልም ሲጠየቅ አይሰስትም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይነግርሻል።

ይህንንም ሞክረሽ ካልሳቅሽ አልታዘብሽም። ቀልድ ላይ ማስገደድ የለም። ያኔ «ጃኔ ቢ ዶ ያሮ»ን ፈልጊ። የ1983 ነው፣ ኩንዳን ሻህ የሠራው፣ ናሲሩዲን ሻህና ራቪ ባስዋኒ የሚጫወቱበት። በጥቂት ገንዘብ የተሠራ፣ መጀመሪያ ብዙ ሰው ያላየው፣ ዘግይቶ በቴሌቪዥን የታወቀ ሌላ ፊልም ነው። ሁለት ምስኪን ፎቶ አንሺዎች በሙምባይ ሙሰኛ ባለሥልጣንና የሕንፃ ተቋራጮች መሃል ይገባሉ፣ ከዚያ አንድ ሬሳ ተሸክመው ይሯሯጣሉ። ሬሳው መድረክ ላይ ማሃባራታ የሚባለው የህንዶች ጥንታዊ ታሪክ ቴአትር መሃል የሚገባበት ክፍል አለ። እዚያኛው ላይ የምትራሪለት ሰው ታገኛለሽ። አማርና ፕሬም የከለከሉሽን እነዚያ ሁለቱ ይሰጡሻል። መጨረሻው ግን ያስከፋል፤ ከወዲሁ ልንገርሽ ብዬ ነው።